ሁለት ዲስክ ለአንድ ሳሎን፦ የብሉ-ሬይና የኤችዲ-ዲቪዲ ፉክክር

ዛሬ ፊልም ማየት ያማረው ሰው ስልኩን ወይም ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይመርጣል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው፣ ለቴሌቪዥኑ የሚመጥን ፊልም ፍለጋ ሱቅ ሲገባ ሁለት ዓይነት ዲስክ ይጠብቀው ነበር። አንዱ ብሉ-ሬይ፣ ሌላው ኤችዲ-ዲቪዲ ይባላል። የሁለቱም ስፋት 12 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። ግን የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። ታዲያ የትኛውን ይግዛ?

መጀመሪያ ልዩነታቸውን እንይ። የድሮው ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ሌዘር ነው፤ በአንድ ንብርብር የሚይዘውም 4.7 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁለቱ አዳዲስ ዲስኮች ግን የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር ይጠቀማሉ። ይህ ጨረር ከቀዩ ስለሚቀጥን፣ በዚያው ስፋት ላይ ብዙ መረጃ ማስፈር ይቻላል። እስከዚህ አንድ ናቸው። የተለያዩት በጥልቀት ነው። ኤችዲ-ዲቪዲ መረጃውን እንደ ዲቪዲው 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ስላስቀመጠ፣ ፋብሪካዎች የድሮ ማሽናቸውን በትንሽ ወጪ አሻሽለው ሊያመርቱት ይችሉ ነበር። የሚይዘው ግን በንብርብር 15 ጊጋባይት ነው። ብሉ-ሬይ መረጃውን ከላይኛው ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ አርቆ 25 ጊጋባይት ያዘ፤ እንዳይጫር ደግሞ ጠንካራ ሽፋን አስፈለገው። ባጭሩ አንዱ ለማምረት ይቀላል፣ ሌላው ብዙ ይይዛል።

ከኤችዲ-ዲቪዲ ጀርባ ቶሺባና ኤንኢሲ፣ በኋላም ማይክሮሶፍት ቆሙ። ከብሉ-ሬይ ጀርባ ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ሳምሰንግና ሌሎችም ነበሩ። መስማማት አይችሉም ነበር እንዳይባል፣ በ1995 በዲቪዲ ጊዜ ሁለት ተፎካካሪ ወገኖች ተስማምተው አንድ ዲስክ አውጥተዋል። በ2005 ግን ድርድሩ ፈረሰ። በ1970ዎቹ የሶኒ ቤታማክስና የጄቪሲ ቪኤችኤስ ካሴቶች የተፋለሙት ፍልሚያ እንደገና መጣ ማለት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? እዚህ ሣሩ ገዢው ነበር።

በሚያዝያ 2006 የቶሺባ ማጫወቻ በ499 ዶላር አሜሪካ ገበያ ገባ። በሰኔ የሳምሰንግ ብሉ-ሬይ ተከተለ፤ ዋጋው 999 ዶላር! በዋጋ ብቻ ከሆነ ምርጫው ግልጽ ነው። ግን ማጫወቻ መምረጥ ማለት ፊልም መምረጥም ነበር። ዩኒቨርሳል ፊልሞቹን በኤችዲ-ዲቪዲ ብቻ ያወጣል፤ ዲዝኒና ፎክስ በብሉ-ሬይ ብቻ። ዋርነር በሁለቱም ያወጣ ነበር። በ2007 መጀመሪያ ኤልጂ ሁለቱንም የሚያጫውት ማሽን አመጣ፤ ዋጋው ግን 1,199 ዶላር ስለነበር ሁለት ዛፍ ላይ መውጣቱ የሚቻለው ኪሱ ለሞላ ብቻ ነበር።

ሚዛኑን ያዘነበለው አንዱ ነገር የጨዋታ መሣሪያ ነው። በኅዳር 2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ብሉ-ሬይ ያጫውታል። ለጨዋታ ብሎ የገዛው ወጣት ሳያስበው የፊልም ማጫወቻም ቤቱ አስገባ። ቶሺባ ዋጋ እየቀነሰ ታገለ፤ በኅዳር 2007 አንዱ ማጫወቻው አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ተሸጠ። ብዙ ሰው ተሻማ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 4 ቀን 2008፣ ዋርነር ከዚህ በኋላ ብሉ-ሬይ ብቻ አለ። በየካቲት ኔትፍሊክስና ዋልማርትም ተከተሉ። የካቲት 19 ቀን ቶሺባ ራሱ በቃኝ አለ። የተገዛው ማሽን መሥራቱን አላቆመም፤ አዲስ ፊልም ግን አይመጣለትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ብሉ-ሬይ ያሸነፈው በምስል ጥራት ነው የሚሉ አሉ። ግን እኮ ሁለቱም እስከ 1080 መስመር የሚደርስ ምስል ያሳያሉ፤ ሳሎን ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። የወሰነው ማን ከማን ጋር ተዋዋለ የሚለው ነው። ያ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። አሸናፊውም ብቻውን አልነገሠም፤ ሁለቱ ሲታገሉ፣ በጥር 2007፣ ኔትፍሊክስ ያለ ምንም ዲስክ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ጀምሮ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ያ ሁሉ ገዢ የጎደለበት የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ፊልሙ በሌላ መንገድ ይገኛል። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት የሰርግና የሲግድ ቪዲዮ ካሴቶች ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም። ቪኤችኤስ በጊዜው አሸናፊ ነበር፤ ሆኖም ማጫወቻውን እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ በ2016 አቁሟል። አሸናፊም ያረጃል። ካሴቱ ላይ የሚናገሩት አያቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሚሠራ ማጫወቻ ሳይጠፋ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር እንገልብጥ፤ ከአንድ ቦታ በላይም እናስቀምጥ። ማጫወቻ ሲገዙ መጠበቅ ያዋጣ ይሆናል፤ ለካሴቱ ግን መጠበቅ አያዋጣም።