ከቢቸና እስከ ሞጣ፦ የድንጋይና የሥዕል ነገር

ፈረንሳዊው ቀራፂ ፋልኮኔ ቁመቷ ከ1 ሜትር የማይበልጥ፣ ውኃ ልትነካ እግሯን የዘረጋች እንስት ከእብነ በረድ ጠርቦ እ.ኤ.አ. በ1757 ፓሪስ ላይ ለዕይታ አቀረበ። በዚያ ዘመን ትናንሾቹ ቬኑሶችና ዲያናዎች የሚጠረቡት ለቤተ ጣዖት ሳይሆን ለባለጸጋ ሳሎን ነበር። በቀጣዩ መቶ ዓመት አሺል ኮላስ ትልቁን ሐውልት አሳንሶ የሚቀዳ መሣሪያ ሲፈለስፍ፣ ሰጋጅ ያጣችው ቬኑስ ገዢ በረከተላት።

የጎጃሞቹ ቢቸናና ሞጣ እንዲህ ያለችውን እንስት አያውቋትም። ጠራቢ ጠፍቶ ግን አይደለም።

አገሩ በጥንት ዘመን የድንጋይ እንስት ነበረው። አክሱም አጠገብ ሐወልቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳዊው አንሪ ደ ኮንታንሶን ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ሽንሽን ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ የተቀመጠች የኖራ ድንጋይ ሴት ወጥታለች። ንግሥት ትሁን አምላክ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛናም ከመጠመቁ በፊት ለአምላኩ ለመሕረም የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሐውልት ማቆሙን አስጽፏል፤ በግሪክኛው ጽሑፍ መሕረም አሬስ ተብሏል። ክርስትና ከጸና በኋላ ግን ቆሞ የሚዞሩት ምስል ቦታውን ለሥዕል ለቀቀ።

የጠራቢው እጅ የት እንደዋለ ለማየት መርጡለ ማርያም መሄድ ነው። ከቢቸና በስተሰሜን፣ ከሞጣ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ እነብሴ ሳር ምድር ላይ ትገኛለች። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጠፋች፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደገና ገነቧት። ፍርስራሹ ዛሬም አለ፦ በቅስቱና በግድግዳው ላይ አበባና ሐረግ ተፈልፍሎበታል። እኔን ከፋልኮኔ እንስት ይልቅ ይህ ይማርከኛል፤ ከሕንፃው ነጥሎ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው የለምና።

ሞጣ ጊዮርጊስ በ18ኛው መቶ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወለተ እስራኤል ተተከለ። የሥዕሉ ነገር ግን ከዚያ ይቀድማል፦ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከቬኒስ የመጣው ሠዓሊ ብራንካሊዮን ጎጃም ድረስ ዘልቆ ሥሏል። ይዞት የመጣው ብሩሽ ነበር፣ መሮ አይደለም።

ሥዕል ግን ከግድግዳ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ጎንደር ከሚገኘው አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕል ከነሸራው አንስቶ፣ በቦታው በጓዱ ሠዓሊ የተሠራ ቅጂ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወሰደው። ዋናው ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል።