ከሥዕሉ ጀርባ የሚጻፈው

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከዘመቱት መሐንዲሶች መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። ከእነርሱ በፊት ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዞ ወደ አገሪቱ ገብቶ ነበር፤ በሥርዓትና በብዛት ሥራ ላይ የዋለው ግን በዚህ ዘመቻ ነው ማለት ይቻላል። ተራራው፣ የጦር ሰፈሩና ከእስር የተፈቱት አውሮፓውያን ሁሉ ለድል አድራጊው መዝገብ ተነሡ። በዚያው ዓመት ክረምት የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ፣ አባቱን ቴዎድሮስን እናቱንም አጥቶ፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት በስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። የጥበቡ ውበት አይካድም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ስለ ልጁ ይናገራል እንጂ ልጁ በሥዕሉ አይናገርም።

የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ከዚህ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ይጓዛል፤ የሚነሣው ሰው የራሱን ሥዕል ባለቤት የሚሆነው መቼ ነው?

ቤተ መንግሥቱ ጥያቄውን ለራሱ ፈጥኖ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ተከታዮቹን ነገሥታት አገለገሉ። ነገሥታቱ እንዴት መታየት እንደሚሹ ያውቁ ነበር፤ አቋቋሙን፣ ካባውን፣ ዘውዱን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ በከተማ የተከፈተው ፎቶ ቤት ይህንኑ መብት በአነስተኛ ዋጋ ለተራው ሰው አካፈለ። ሙሽራው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ከተሳለው መጋረጃ ፊት ቆሞ እንደ ወደደው ተነሣ።

ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ሲዘለቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ቱርካና ሐይቅ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ደግሞ ከፋን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀርመኑ የፍሮቤኒዩስ ተቋም ተመራማሪዎች ደቡብ ኢትዮጵያን በካሜራም በብሩሽም መዘገቡ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበረው አይከ ሃበርላንድ ስለ ሸኮ ጎረቤቶች ስለ ዲዚዎች የጻፈው ዐቢይ ሥራ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ።

ይህን ድካም ማቃለል ነውር ነው፤ ባይደክሙ ኖሮ ብዙ ነገር ያለ ምስክር በጠፋ ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነቱ ክምችት የተለመደው መግለጫ የነገዱን፣ የመንደሩን፣ አልፎ አልፎም በእጅ የተያዘውን ዕቃ ስም ይሰጣል። የሰውዬው ስም ብዙውን ጊዜ የለም። ጦሩ ስም አለው፣ ጋሻው ስም አለው፣ ባለ ጋሻው የለውም። የነገዱ ስም እንኳ ሁልጊዜ የራሱ አልነበረም፤ ሚዛን ተፈሪ ማእከሉ የነበረችው አውራጃ ለረጅም ዘመን የተጠራበት «ጊሚራ» የሚለው ስም፣ ቤንቾች ራሳቸውን የሚጠሩበት ሳይሆን ሌሎች የሰጧቸው ነበር።

ለብዙው የገጠር ሰው የመጀመሪያው የግል ሥዕሉ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት መዝገብ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። የሚገርመው፣ ሰው ይህን የጽሕፈት ቤት ቁራጭ እንኳ የራሱ አደረገው። አንዷን ለመዝገቡ ሰጥቶ ሌላዋን ገልብጦ «ለማስታወሻ» ብሎ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ፈርሞ ለወዳጁ ሰጠ። ከሩቅ አገር መጥቶ በቡና እርሻ የሚሠራ ሰው ለእናቱ የሚልከው ሥዕልም ከጀርባው ያለ ጽሕፈት አይሄድም ነበር። የግል የፎቶግራፍ ማኅደር በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚህ ጽሕፈት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህን ማኅደር ዋጋ አዲስ አበባ ዘግይታም ቢሆን አወቀች። ጥቂት ወጣቶች ከየቤቱ አልበም አሮጌ ሥዕሎችን ከነባለቤቶቹ ትዝታ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም በመጽሐፍ አሳተሙ። መግለጫውን የሰጠው ተመራማሪ ሳይሆን ባለ ሥዕሉ ወይም ልጁ መሆኑ የሥራውን ክብር ከፍ ያደርገዋል።

ሸኮ፣ ሚዛንና ቴፒ ግን ገና ናቸው። በዚያ ዝናባም አገር እርጥበትና ሻጋታ የታጠበ ወረቀትንም ኔጋቲቭንም ይበላሉ፤ በሣጥን የተቀመጠ አልበም ረጅም ዕድሜ የለውም። ዛሬ ካሜራው በየሰዉ ኪስ፣ በስልክ ውስጥ አለ። በአንድ የገበያ ቀን ብቻ የማይቆጠር ሥዕል ይነሣል፤ ከጀርባው የሚጻፍበት ወረቀት ግን ስለሌለ የጥንቱ ስም አልባነት ተመልሶ መጥቷል፤ ያውም በገዛ እጅ።

በሸኮ የግል የፎቶግራፍ መዝገብ ሊጀምር ለሚያስብ መምህር ወይም ሠዓሊ የሚነሣው ነገር ሞልቷል፤ በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ፣ የጎደሬው ማሳ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ምናልባት የሸኮ ከብት ነው። ይህ ሻኛ የሌለው ወይም ሻኛው እምብዛም የማይታይ ዝርያ ገንዲን በመቋቋም በሳይንስ ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር እየተዳቀለ መልኩን እያጣ ነው። ላሚቱ ስትነሣ ያለቤቱ አይጻፍባትም፤ የባለቤቷ ስም ከነአባቱ፣ የእርሷ መጠሪያ፣ ቀበሌውና ቀኑ ይጠየቃል። መጠየቁ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ሸኮኛ በአራት የድምፅ ከፍታ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ፊደላችን ያንን ከፍታ አያሳይም። ስለዚህ መዝጋቢው ስሙን ከጻፈ በኋላ ጮክ ብሎ ለባለቤቱ ያነብለታል፤ ባለቤቱም ያርመዋል፤ እንደገና ይነበባል።