የአዲሱ ያም ቀን፦ በአሻንቲና በኢግቦ ምድር መከርን የመክፈት ሥልጣን

በምዕራብ አፍሪካ ከኮት ዲቯር መካከለኛ ክፍል ተነሥቶ በጋና፣ በቶጎ፣ በቤኒንና በደቡብ ናይጄሪያ አልፎ እስከ ካሜሩን ተራሮች የሚደርሰው ሰፊ አገር የሚኖረው በያም ነው። ምዕራባዊ ወሰኑ ባንዳማ የሚባለው ወንዝ ሲሆን፣ ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ገበሬ ዋና ምግቡ ሩዝ፣ በስተ ምሥራቅ ያለው ግን ያም ነው። ያም በአገራችን በወላይታና በአካባቢው ቦዬ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ሐረጉ በእንጨት ላይ የሚወጣ፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው። ከዱር ዐይነቶቹም አንዱ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ዲዮስኮሪያ አቢሲኒካ ተብሎ በአገራችን ስም ይጠራል። የምዕራብ አፍሪካው ነጭ ያም ከየት እንደ ተገኘ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዘር ምርምር በኒጀር ወንዝ ተፋሰስ ከአንድ የጫካ ያም ለማዳ ሆነ ሲል፣ በ2020 የወጣው ሌላው ደግሞ የዚያ የጫካ ያምና የአቢሲኒካ ድቅል ነው ይላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ወደዚህ አገር በዝናቡ ወራት የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው የአፈር ክምር ነው። ያም እንደ ስንዴና እንደ ጤፍ በፍሬው አይዘራም፤ ገበሬው ካለፈው መከር ያስቀረውን ሥር ወይም ቍራጩን በተከመረው አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሐረጉ በበቀለ ጊዜም ድጋፍ እንጨት ያቆምለታል። ስለዚህ ከተሰበሰበው ያም ሲሶ የሚያህለው ለሚመጣው ዓመት ዘር መቀመጥ ይኖርበታል። የቀረው በኢግቦ አገር ኦባ በሚባለው ማከማቻ ውስጥ በቆሙ እንጨቶች ላይ በተርታ ይታሰራል፤ የአንድ ሰው ሀብትም በዚያ ተርታ ርዝመት ይገመታል። በጁንና በጁላይ ገደማ ግን አሮጌው ያም እያለቀ፣ አዲሱ ገና በአፈር ውስጥ እያለ፣ የረኀብ ጊዜ ይመጣል። የአዲሱ ያም ሕግ የሚጸናውም በዚህ ጊዜ ነው፤ በማሳው ላይ ያለውን አዲስ ያም ቀኑ ሳይታወጅ መብላት ክልክል ነው።

ይህ ሕግ ለኛ እንግዳ ነው። በደጋው አገራችን መንገደኛ ከማሳ ዳር እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይባልም። በያም አገር ግን ገበሬው ራሱ በገዛ ማሳው ላይ እንደ መንገደኛ እንኳ አልተፈቀደለትም።

ስለ ያም ብዙ የጻፈው ኮርሴይ ለክልከላው ያገኘው ምክንያት ከእርሻ የተወሰደ ነው። ያልበሰለ ያም ውሃ የበዛበትና ቶሎ የሚበሰብስ ነው፤ የተራበ ሰው ቀድሞ ቢቈፍረው የዛሬውን ምግብም የነገውንም ዘር ያጠፋል። በአንዳንድ ስፍራ የበዓሉን ያም በብረት መቈፈር ክልክል መሆኑን አይቶም፣ ሥርዐቱ ብረት ከመታወቁ በፊት የነበረ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገምቷል። ግምቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእርሻው ምክንያት ክልከላውን እንጂ ክልከላውን የሚያነሣውን ሰው አይገልጽልንም። ሕዝብ ሁሉ ተርቦ ሲጠብቅ «ብሉ» የሚለው ማን ነው? የያም አገር ሕዝቦች የሚለያዩት ለዚህ ጥያቄ በሰጡት መልስ ነው።

በአሻንቲ መልሱ ንጉሡ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ኤድዋርድ ቦውዲች በ1817 ወደ ኩማሲ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ሆኖ በሴፕቴምበር የተደረገውን በዓል ተመለከተ፤ በ1819 ባሳተመው መጽሐፍም የበዓሉን የመጀመሪያ ቀን የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። እርሱ የያም በዓል ይበለው እንጂ የአገሩ ሰዎች ኦድዊራ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ማንጻት ማለት ነው። የሞቱት ነገሥታት ይታሰባሉ፣ የመንግሥቱ ርኵሰት ይታጠባል፣ የግዛቱ ሹማምንት ሁሉ በኩማሲ ይሰበሰባሉ። የቀረ ሹም ልቡ ከንጉሡ እንደ ሸፈተ ይጠረጠር ነበር። በዚህ አኳኋን ያሙ የግብር መዝገብ ያህል ሆኖ ማን እንደ ታዘዘና ማን እንዳልታዘዘ በየዓመቱ ያሳይ ነበር። የሞት ፍርድም ይፈጸምበት ስለ ነበረ ቦውዲች ያየውን ያለ ድንጋጤ አልጻፈውም። እንግሊዞች በ1896 ንጉሡን ፕሬምፔህን ይዘው ባጋዙት ጊዜ የኩማሲው ታላቅ ኦድዊራ ተቋረጠ፤ ራትሬይ በ1927 ስለ በዓሉ ሲጽፍ የተደገፈው ሽማግሌዎች በሚያስታውሱት ነገር ላይ ነበር። ያም ግን መብቀሉን አልተወም። ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ የነበረ በዓል ከዚያ ሰው ጋር ሊጋዝ ይችላል ማለት ነው።

በኢግቦ ምድር ይህ አልሆነም፤ ከጥቂት ስፍራዎች በቀር ንጉሥ የሌለው ሕዝብ ነበርና። ቀኑን የሚያውጀው የየመንደሩ ካህን ወይም የዘሩ ታላቅ ሰው ነው። የእነዚህ ሁሉ ምንጭ እንደ ሆነች የምትነገረው ንሪ ናት። የንሪ አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። በረኀብ ዘመን አምላክ ቹኵ ንሪን የበኵር ልጁንና ሴት ልጁን እንዲሠዋ አዘዘው፤ ከወንዱ መቃብር ያም፣ ከሴቲቱ መቃብር ጎደሬ በቀለ። ያም የወንድ፣ ጎደሬ የሴት እርሻ የሆነው ከዚህ ነው ይላሉ። ኤዜ ንሪ የሚባለው ካህን ንጉሥ ጦር አልነበረውም፤ ሰዎቹ ግን ፊታቸውን ኢቺ በሚባል ምልክት ተበጥተው በየመንደሩ እየዞሩ ምድርን ከርኵሰት ያነጹ፣ የያምንም መድኀኒት ይሰጡ ነበር። ኤዜ ንሪ ኢጉ አሮ በሚባለው በዓል ዓመቱን ቈጥሮ የተከላውን ጊዜ ያውጃል። ያለ ጦር የዘመን ቈጠራን በመያዝ ብቻ የተገኘ እንዲህ ያለ ሥልጣን በታሪክ ብዙ አይገኝም። ያም መስረቅም በባለቤቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በምድር አምላክ በአላ ላይ የተሠራ በደል ሆኖ ይቈጠር ነበር።

ቈጠራው ቢሳሳት ምን ይሆናል? ቺኑአ አቼቤ በ1964 ያወጣው «የእግዚአብሔር ቀስት» የተባለው ልቦለድ ይህን ጥያቄ ይዞ የተጻፈ ነው። ካህኑ ኤዜኡሉ በየወሩ ጨረቃ ስትወጣ ከተቀደሱት ያሞች አንዱን ይበላል፤ እነዚያ ሊያልቁ ሲሉ በዓሉን ያውጃል። እንግሊዛዊው ሹም ባሰረው ጊዜ ሁለት ጨረቃ ያልፈዋል፤ ተመልሶም ያልተበሉት ሳያልቁ አላውጅም ይላል። ያሙ በአፈር ውስጥ እየተበላሸ ሕዝቡ ይራባል፤ በመጨረሻም ክርስቲያኖቹ መሥዋዕታችሁን ወደኛ አምጡና መከራችሁን ሰብስቡ ብለው ይጋብዙታል። ልቦለድ ለታሪክ ምስክር አይሆንም የሚል ይኖራል። እኔ ግን የቀን ሥልጣን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ጽሑፍ አላገኘሁም። ካህኑ የተሸነፈው ሕጉን በመጣሱ ሳይሆን በመጠበቁ ነው።

ዛሬ በብዙ የኢግቦ ከተሞች በዓሉ የሚውለው በኦገስት ነው፤ በሌጎስና በባሕር ማዶ ያሉት ልጆች ወደ አገራቸው መምጣት እንዲችሉ ቀኑ አስቀድሞ ይወሰናል፤ አብያተ ክርስቲያናትም አዲሱን ያም ይባርካሉ። የኢሞ ክፍለ ግዛት መንግሥት በ1979 የጀመረው የሊቃውንት ንግግር በያም አምላክ ስም አሂያጆኩ ተብሏል። በገበያ አዲስ ያም ከበዓሉ በፊት ይሸጣል፤ ገዝቶ የሚበላውንም የሚከስሰው የለም። የማዕረግ ስም የተቀበሉ ሽማግሌዎች ግን ከቀኑ በፊት ቢቀርብላቸውም አይቀምሱም።