ከቀሃ ቦይ እስከ ደባርቅ ባኞ

ከጎንደር ነገሥታት ሕንፃዎች መካከል ለውሃ ተብሎ የተሠራው ትልቁ የፋሲል መዋኛ ነው። አፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) እንዳሠሩት በትውፊት ይነገራል። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርምና ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ እየገባ ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ጎብኚው ዓይኑ የሚያርፈው መሐል ላይ በቆመው ግንብና አጥሩን ጨምድደው በያዙት የዛፍ ሥሮች ላይ ነው። ትልቁ የሙያ ሥራ ያለው ግን ቦዩ ላይ ነው። ወንዙ ከገንዳው ከፍ ካለ ቦታ ካልተጠለፈ ውሃው አይመጣም። የቦዩ ተዳፋት ሲበዛ መሬቱ ይቦረቦራል፣ ሲያንስ ደለል ይተኛበታል። ያንን ልክ ያገኙት ግንበኞች ዛሬ ቧንቧ የሚዘረጋ ባለሙያ የሚጨነቅበትን ጉዳይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በፋሲል ግቢ ውስጥ ደግሞ የቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ነው የሚባል የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወሸባ፣ አለ። ኢያሱ ሕመማቸውን የሚያክም ሐኪም ከግብፅ ሲያስፈልጉ ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ አክሟቸዋል። ወሸባ ከመዋኛ ይልቅ ለደጋ አገር የተስማማ ነው። ጥቂት ውሃና ብዙ እሳት ይበቃዋል፣ ላብ ራሱ ያጥባል። የባላገሩም ቤት በዚሁ መንገድ ሄዷል። ውሃ በእንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ገላዋን በጢስ ትሞቃለች፣ በተለይ አራስ ስትሆን። ገንዳ ሙሉ ውሃ አሙቆ መድፋት በዚያ ቤት የሚታሰብ አልነበረም።

ከጎንደር ወደ ሰሜን በደባትና በደባርቅ አድርጎ እስከ ስሜን በሚዘልቀው አገር ግን ሰፈራቸውን በውሃ የመረጡ ሰዎች ኖረዋል። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መንደሮች ወንዝ የሚጠጉት በሃይማኖት ግዴታ ነበር። ሰንበት ሳይገባ ወንዝ ወርዶ መታጠብ ሥርዓት ነበር። የወር አበባዋ የመጣ ሴት ከመኖሪያው ራቅ ባለች ጎጆ ቆይታ፣ ገላዋንና ልብሷን በሚፈስ ውሃ አጥባ ትመለስ ነበር። የቆመ ውሃ ለዚህ አይሆንም ነበር። ከመካከላቸው ግንበኛና ብረት ሠሪ የበዛበት ይህ ሕዝብ በጎንደር ግንባታ እጁ እንዳለበትም ይነገራል። አብዛኞቹ በ1984–85 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። የአካባቢው የመታጠብ ታሪክ ሲጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠቀሱ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

ስሜን ለአዲስ አበባም የውሃ ታሪክ ሰው አዋጥቷል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው። ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃን የወደዱት፣ በ1886 እ.ኤ.አ. አካባቢ በዚያው ቤት አሠርተው ከተማዋን አዲስ አበባ ያሏት እሳቸው ነበሩ። በፍልውሃ ምድር ራሷ አሙቃ ትሰጣለች። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቧንቧ ዘረጋ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ተደነቀ። ምክንያቱ ምንጩ ከኮረብታው ከፍ ማለቱ ነው። ታሽጎ በቧንቧ የመጣ ውሃ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ከመነሻው ከፍታ በታች እስከሆነ ድረስ ተመልሶ ይወጣል።

ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ሊማሊሞን ጠርበው መኪና ሲያሳልፉ፣ በጎንደር ፒያሳ ሲገነቡ ባኞም አብሮ ገባ። ቃሉ ቀረ፣ ዕቃው ግን ለረጅም ጊዜ የጥቂቶች ነበር።

ዛሬ በደባርቅ ቤት የሚሠራ ሰው ከግድግዳ ተነጥሎ ብቻውን የሚቆም ገንዳ ቢያምረው፣ የቀሃ ግንበኞች የመለሱትን ጥያቄ እሱም መመለስ አለበት። አንድ ገንዳ 200 ሊትር ያህል ቢይዝ አሥር ጀሪካን ነው፣ ክብደቱም 200 ኪሎ። ገንዳው ብረት ከሆነና ሰው ሲገባበት ሸክሙ ብዙ ይጨምራል። ስለዚህ ፎቅ ላይ ከሆነ ሶሌታው አስቀድሞ ይታሰብ። የሮቶው ከፍታም አለ። ከቧንቧው አፍ በላይ ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ ግፊቱ ከ0.3 ባር አያልፍም፣ ገንዳው እስኪሞላም ውሃው ይበርዳል። ደባርቅ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። 12 ዲግሪ ሆኖ የገባን ውሃ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር እስከ 65 ቢያሞቀው፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተደባልቆ 40 ዲግሪ የሚሆነው ውሃ 100 ሊትር አይሞላም። ግማሽ ገንዳ ማለት ነው።

ብቻውን የሚቆም ገንዳ የሚደገፍበት ግድግዳ ስለሌለው የሚገባውም የሚወጣውም ቧንቧ ወለሉን ሰንጥቆ ይመጣል። ይህ ደግሞ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ካልተሠራ ኋላ መሰበር ነው። መውጫው በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፣ ባለሙያውም በውሃ ልክ ይፈትሸው። ገንዳው ሥር ያለው የቧንቧ እጥፋት አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይዞ ካልቀረ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት ይመለሳል። ወለሉ ሳይዘጋ አንድ ጀሪካን ደፍቶ መገጣጠሚያዎቹን በእጅ መዳሰስም ተገቢ ነው፣ እርጥበት ያለው መገጣጠሚያ ያን ጊዜ ይገኛል። የመታጠቢያውን ውሃ ከሽንት ቤቱ መስመር ለይቶ ወደ ጓሮ ማውጣት ደግሞ ጉድጓዱ ቶሎ እንዳይሞላ ያደርጋል፣ በበጋም ለጓሮው ዛፍ ውሃ ይሆናል።