ገና ሳይጀመር አቻ የወጣ ግጥሚያ

«ሱፐርማንና ስፓይደርማን ቢደባደቡ ማን ያሸንፋል?» ኮሚክ የሚያነብ ልጅ ሁሉ የሚከራከርበት ጥያቄ ነው። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ እስኪገናኙ ድረስ ግን እስከ 1976 መጠበቅ ግድ ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሱፐርማን የዲሲ፣ ስፓይደርማን የማርቭል ንብረት ነው፤ ሁለቱ አሳታሚዎች ደግሞ አንድ ገበያ የሚሻሙ ባላንጣዎች ነበሩ።

በአንድ አሳታሚ ቤት ውስጥማ ነገሩ ቀላል ነበር። በ1940 ቢል ኤቨረት የባሕሩን ልዑል ኔሞርን፣ ካርል በርጎስ ደግሞ በእሳት የሚነደውን ሂውማን ቶርችን ይዘው መጡና በአንድ መጽሔት ላይ አፋለሟቸው። ውሃና እሳት! ጠቡ ግን አሸናፊ ሳይኖረው ቤቲ ዲን የምትባል ፖሊስ ገላገለቻቸው።

የ1976ቱ ግጥሚያ ግን ድርድር ጠየቀ። ሐሳቡን ያመነጨው ዴቪድ ኦብስት የተባለ የደራስያን ወኪል ነው፤ ስታን ሊ ከማርቭል፣ ካርማይን ኢንፋንቲኖ ከዲሲ ተስማሙ። ጄሪ ኮንዌይ ጻፈው፣ ሮስ አንድሩ ሣለው፤ ሁለቱም በሁለቱም ቤት የሠሩ ናቸው። ያም አልበቃ ብሎ ኒል አዳምስ ሱፐርማንን፣ ጆን ሮሚታ ደግሞ ጭምብል የሌለውን ስፓይደርማን፣ የፒተር ፓርከርን ፊት ነካ ነካ አድርገው አስተካከሉ። ትልልቅ ገጽ ያለው መጽሐፍ በ2 ዶላር ተሸጠ።

ታሪኩ ውስጥ የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተር ሱፐርማንን መስሎ የጀግኖቹን ፍቅረኞች ሎይስ ሌንንና ሜሪ ጄንን ያፍናል፤ ጀግኖቹም እርስ በርስ ይጠረጣጠራሉ። ስፓይደርማን በራሱ ጉልበት ሱፐርማንን አይችለውም። ስለዚህ ሉተር ተደብቆ በስፓይደርማን ላይ ኃይል የሚሰጥ ቀይ ጨረር ይለቃል፤ ቡጢው ሱፐርማንን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ጨረሩ ሲያልቅ ግን ያው ቡጢ የመቺውን እጅ ያሳምመዋል። ከዚያ መግባባት፣ ከዚያ አብሮ ሉተርንና የስፓይደርማንን ጠላት ዶክተር ኦክቶፐስን ማሳደድ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም የዳኛ ጨዋታ ነው። ጀግናዬ አይዋረድብኝ የሚል ባለቤት በሁለቱም ወገን ተቀምጦ ሌላ ውጤት ከየት ይመጣል?

በኢንተርኔት የሚሥሉት ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ ገጸ ባሕሪው የሣዪው የራሱ ነውና ጠበቃ አያስፈልግም። በ2008 አፕሪል ዘ ፉል ዕለት የኤክስኬሲዲ፣ የክዌስቸነብል ኮንተንትና የዳይኖሰር ኮሚክስ ባለቤቶች ድረ ገጾቻቸውን ተቀያየሩ፤ አንዱን ብሎ የገባ አንባቢ የሌላውን ሥራ አገኘ። ማንም ማንንም ማሸነፍ አላስፈለገውም።

ዲሲና ማርቭል ግን የጀግና ቡድኖቻቸውን ጀስቲስ ሊግንና አቬንጀርስን ለማገናኘት ሲነሱ፣ ሣዪው ጆርጅ ፔሬዝ በ1983 መሣል ጀምሮ በአርታኢዎች ጭቅጭቅ ሥራው ቆመ። መጽሐፉ አንባቢ እጅ የገባው በ2003 ነው።