የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፦ ለጦር ፈረሰኛና ለፈረሱ የሚሰጥ ክብር

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኝ፣ ለአገር ነፃነት የተጋደሉ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው የሚዘከሩበት ሕዝባዊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚገለጽ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ከባህር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የዞኑ ዋና ከተማ በእንጅባራ ያከብራል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላትም አሉት።

«ሰባት ቤት» የሚለው ስያሜ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ መተከልና ዚገም በሚል የሚታወቁትን የአገው ቤቶች የሚያመለክት ነው። ዕለቱ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ከሚሣለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ጋር የሚውል በመሆኑ በፈረሰኞቹ ዘንድ የተለየ ትርጉም አለው። የዓድዋ ድል የተገኘውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዚሁ ቅዱስ ወርኃዊ በዓል ዕለት እንደነበር ይታወቃል።

የፈረስ ስም እንደ ማዕረግ

በኢትዮጵያ የጦር ታሪክ ፈረስ ስንቅና መሣሪያ በማመላለስ፣ መልእክት በማድረስ፣ የጠላትን አሰላለፍ በመሰለልና የሚያፈገፍገውን ጦር በማሳደድ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። በመሆኑም ጀግና የሚወደሰው በራሱ ስም ብቻ ሳይሆን በፈረሱ ስም ጭምር ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዓፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ መባሉም ከዚሁ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

በጎጃም በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚጠራው አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ነው። በላይ በፋሺስት ወረራ ዘመን ዓባይን ተንተርሶ በመዋጋት የደጃዝማችነት ማዕረግ ያገኘ አርበኛ ሲሆን፣ ከድል በኋላ በመንግሥት ላይ በማመፅ ተከሶ በጥር ወር 1937 ዓ.ም በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጥቷል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በጣና ዳርቻዋ በባህር ዳር ደግሞ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራሉ። የተነፈገው ክብር የተመለሰለት ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

የሌላ አገር ተሞክሮ

በአገልግሎትና በዕውቅና መካከል ያለው ርቀት በሌሎች አገሮችም የታየ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1866 ባወጣው ሕግ 9ኛውና 10ኛው የጥቁር ፈረሰኞች ክፍለ ጦሮች ተቋቁመው በምዕራባዊው ጠረፍ ለአሥርታት አገልግለዋል። «የጎሽ ወታደሮች» በሚል ለሚታወቁት ለእነዚህ ፈረሰኞች በካንሳስ ግዛት በፎርት ሌቨንወርዝ የቆመው ሐውልት የተመረቀው ግን ከ126 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ለመመረቅ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የነበረውና በ10ኛው ፈረሰኛ ያገለገለው ሌተናንት ሄንሪ ፍሊፐር እ.ኤ.አ. በ1882 በጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሠራዊቱ ተሰናብቷል። የአሜሪካ ጦር ስንብቱን ወደ ክብር ስንብት የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ምሕረት ያደረጉለት በ1999 ነው። ፍሊፐር ያረፈው በ1940 በመሆኑ ሁለቱንም ለማየት አልታደለም።

ሕያው መታሰቢያ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከሐውልትና ከስያሜ የሚለየው መታሰቢያው በየዓመቱ በሕዝቡ በራሱ የሚታደስ በመሆኑ ነው። በበዓሉ ዕለት ፈረሶች በግላስና ባሸበረቀ ኮርቻ ተሸልመው ይወጣሉ። ግልቢያ፣ ሶምሶማና ጉግስ ይቀርባል። ወጣቱ ፈረስ መግራትንና መጋለብን የሚማረው ከአባቱና ከታላላቆቹ ሲሆን፣ የአርበኞቹን ታሪክም የሚሰማው በዚያው አጋጣሚ ነው። ፈረሰኞቹ ከበዓል ውጪም በሠርግና በለቅሶ ይገኛሉ፤ የተጣሉትን በማስታረቅም ይታወቃሉ።

አካባቢው ለነፃነት ተጋድሎው ባዕድ አይደለም። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ከሱዳን ድንበር ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀንበሬን የመሳሰሉ አርበኞች በዳንግላና በአካባቢው የጠላትን ጦር ሲያስጨንቁ ቆይተው ነበር። ይሁንና በታሪክ መጻሕፍት የሠፈረው በአብዛኛው የመሪዎች ስም ነው። ተከትሏቸው የዘመተው ተራ ፈረሰኛ ስም፣ የፈረሱ መጠሪያና የዋለበት አውደ ውጊያ በብዛት የሚገኘው በቤተሰብና በሽማግሌዎች አንደበት ነው። ባለታሪኮቹ በዕድሜ ምክንያት በማለፋቸው፣ ዛሬ ምስክርነቱን የያዙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

በመሆኑም በየወረዳው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ከማኅበሩ ጋር በመሆን የፈረሰኞቹን ስም ከነፈረስ ስማቸው በየቀበሌው መመዝገብ፣ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅና በጽሑፍ ማስቀረት ይጠበቅባቸዋል። የግጦሽ መሬት መጥበብና የፈረስ በሽታ የፈረስ ሀብቱን የሚፈታተኑ በመሆናቸው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የእንስሳት ሕክምና አገልግሎትም የዚሁ ቅርስ ጥበቃ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል። ፈረሱ ከሌለ ጥር 23 የሚያከብረው ፈረሰኛ አይኖርም።