ጎጎል ያቃጠለው መጽሐፍ

ኒኮላይ ጎጎልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሚያስቀን ነው። «የሞቱ ነፍሳት»ን በ1842 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲያወጣ ስሙ ገነነ፤ ሐሳቡን የሰጠው የእኛው የምንለው ፑሽኪን መሆኑን ራሱ ጽፏል። ጎጎል ግን ይህን ክፍል እንደ ደጅ ብቻ ቆጠረው። ሁለተኛው ክፍል ሰውን ከክፋቱ የሚመልስ፣ እንከን የማይወጣለት እንዲሆን ፈለገ፤ ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ ጸሐፊው ራሱ መንጻት አለበት አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ባዮች ነን። ዓረፍተ ነገር ይታረማል፤ ነፍስን እንደ ረቂቅ መሰረዝና መደለዝ ግን የት ያደርሳል?

በ1845 የጻፈውን አቃጠለና እንደገና ጀመረ። ስንት ዓመት ከለፋ በኋላ፣ በየካቲት 1852 አንድ ሌሊት ሞስኮ ውስጥ አገልጋዩን ልጅ ቀስቅሶ የምድጃውን ጭስ ማውጫ አስከፈተ፤ ደብተሮቹንም እሳት ውስጥ ከተታቸው። ልጁ እያለቀሰ ለመነው፤ ማን ሰምቶት! በኋላ ሰይጣን አሳሳተኝ ማለቱ ይነገራል። ቀድሞም ጾም አብዝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ እህል እምቢ አለ። ሐኪሞቹ አፍንጫው ላይ አልቅት ለጠፉበት። በአሥር ቀኑ ገደማ ሞተ፤ ገና 42 ዓመቱ ነበር።

(«ግጥምህን አምጣ» ሲባል «ገና አላለቀም» እያለ ወረቀት የሚቀድ ጓደኛ እኛም አለን።)

ከእሳቱ የተረፉ የቀድሞ ረቂቆች በ1855 ታተሙ። መሐላቸው የጎደለ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛባቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ክፍል ብለን የምናነበውም እነሱኑ ነው።